ጥሩንባው ለምን ሁለት ቃል ይጠብቃል? (ስለ ትንንሽ የግንኙነት ቅርጾች)

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ከረማችሁ? አንድ ነገር ሁለት ወር ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰፈራችን ውስጥ ልጃቸው ዓረብ አገር የሄደችባቸው አንዲት እናት አሉ። አንድ ማታ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የእገሌ ልጅ አርፋለች» የሚል መልእክት ገባ። ያስገባው ልጅ ከሌላ ግሩፕ ነው ያገኘው። እዚያ የጻፈችው ደግሞ ከሌላ ሰው ሰምታ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤት እየጮኸ ግቢ ገባ። እናትየው ምጣድ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ቀስ አድርጎ ያረዳቸው ሰው የለም። እኛ ዘንድ እኮ መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ንጋት ላይ ነው። ሲለቀስ ታደረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ራሷ ደወለች። ስልኳ ተበላሽቶ ነው የጠፋችው። እናትየው ግን ዛሬም ስልክ ሲጮኽ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለብዙ ዓመት የቅሬያችን (የእድራችን) ጥሩንባ ነፊ ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ነገሩ አይገባኝም ነበር። ሰው እየሮጠ መጥቶ «እገሌ ሞተ» ይለዋል። አባቴ ጋቢውን ይለብሳል፣ ጥሩንባውን ከግድግዳው ያወርዳል፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቁጭ ይላል። አይነፋም። የቅሬው ዳኛ ቃል እስኪመጣ ይጠብቃል። ዳኛውም ከቤተሰብ እንደሰሙ ወዲያው «ንፋ» አይሉም፤ የራሳቸውን ሰው ልከው ያጣራሉ። ሁለቱ ቃሎች ሲገናኙ አባቴ ጉብታው ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ታዲያ ሊነፋ ሲል የቤቱ ልጅ «ቆይ፣ ቆይ፣ ተንፍሷል!» እያለ ሮጦ መጣ። ያኔ አባቴ ዳኛውን አልጠበቀም። እዚያው አወረደው። ለመጀመር ሁለት ቃል፣ ለማቆም አንድ ቃል።

ባለፈው ሳምንት ይህን ወረቀት ላይ ሳልኩት። ሦስት ነጥብ አለ፦ ቤተሰብ፣ ዳኛ፣ ጥሩንባ። ቀስቱም ሦስት ነው፤ ከቤተሰብ ወደ ዳኛ፣ ከዳኛ ወደ ጥሩንባ፣ ከቤተሰብ በቀጥታ ወደ ጥሩንባ። የቴሌግራሙን ስስለው ግን ከአንድ ሰው ወደ መቶ ሰው የሚበተን ቀስት ብቻ ሆነ። መሀል ላይ የሚጠብቅ ነጥብ የለውም። ሰዎቹ ያው የድሮዎቹ ናቸው፣ ልባቸውም አልከፋም። የተለወጠው ቀስቱ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ቅርጽ ሌላ ቦታ ያጋጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ለእናትየው አይዞዎት በልልኝ። ሳነበው አልቅሻለሁ።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሳልካት ቅርጽ በእኛ ሙያ በደንብ ትታወቃለች። በአንድ መረብ ውስጥ እየተደጋገሙ የሚመጡ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቅርጾች ሞቲፍ ይባላሉ። እኔ ለተማሪዎቼ ጥለት እላቸዋለሁ። የነጠላ ጥለት ማለቴ ነው፤ ያችው ቅርጽ እየተደጋገመች ዳሩን ትሄዳለች አይደል?

እ.ኤ.አ. በ2002 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ዩሪ አሎንና ባልደረቦቹ አንጀታችን ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ የጂን ትዕዛዝ መረብ መረመሩ። የትኛው ፕሮቲን የትኛውን ጂን ያበራል፣ የትኛውን ያጠፋል የሚል ካርታ ነው። ሦስት ነጥቦች በቀስት ሊያያዙ የሚችሉባቸው መንገዶች 13 ናቸው። ከ13ቱ ጎልታ የወጣችው አንዷ ናት፣ እሷም ያንተዋ ናት። በምን ለኩት ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያወጣውና የሚቀበለው ቀስት ቁጥር ሳይለወጥ ቀስቶቹን በዕጣ አደባልቀው ደጋግመው ቆጠሩ። በዕጣ ሲሆን በአማካይ ሰባት ገደማ ብትገኝ ነው። በእውነተኛው ካርታ ላይ ግን 40 ገደማ ተገኘች። 302 የነርቭ ሴሎች ባሏት ትንሿ ትል ነርቭ ውስጥም ይህችው ቅርጽ በዝታ ተገኝታለች።

አሁን የአባትህን ነገር ስማ። ባክቴሪያው ግሉኮስ እያለለት ሌላ ስኳር አይፈልግም። ግሉኮስ ሲያልቅ አንድ አለቃ ፕሮቲን ይነቃል። አለቃው አራቢኖስ የሚባለውን ስኳር የሚሰባብሩትን ጂኖች በቀጥታ ያዛል። ምክትሉንም ያዛል። ምክትሉ ደግሞ አራቢኖስ መኖሩን ሲያይ እነዚያኑ ጂኖች ያዛል። ጂኖቹ በደንብ የሚሠሩት ሁለቱም ሲያዟቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲለካ፣ ምልክቱ ከበራ በኋላ ሥራው ለመጀመር ወደ 20 ደቂቃ ይዘገያል። ምልክቱ ሲጠፋ ግን ሳይዘገይ ይቆማል። ለአፍታ ብልጭ ብሎ የጠፋ ምልክት ምክትሉ ሳይጠራቀም ያልፋል፣ ባክቴሪያውም በከንቱ አይደክምም። ያቺ ጊዜ ነች አባትህ ጥሩንባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚቀመጥባት ጊዜ።

ማሽላ (ቆቦ)

መምህርት፣ እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ተብራርቶልኝ አያውቅም። ግን አንድ ነገር ልቃወም። ሁሉም ነገር ሁለት ቃል ይጠብቅ ካልን እናልቃለን።

በ2013 መስከረምና ጥቅምት አንበጣው ሲመጣብን አስታውሱ። ማሽላው ሊታጨድ ነው። ከሩቅ እንደ ጭስ ይታያል። መጀመሪያ ያየ ሰው፣ ልጅም ይሁን ሴት፣ ኡኡ ይላል። ዳኛ የለም፣ ማጣራት የለም። የሰማ ሁሉ ጅራፉንም ጣሳውንም ይዞ ይወጣል። አንድ ሰው «ሄደ» ቢል ደግሞ አንገባም ነበር፣ ሁሉም አቅጣጫ ጸጥ እስኪል። ለመጀመር አንድ ቃል፣ ለማቆም ሁለት ሦስት ቃል። የቅሬው ግልባጭ ነው። በዚያን ቀን አንድ ሰው «እስኪጣራ» ቢል ኖሮ ማሳው በዓይናችን ፊት ያልቅ ነበር። በኋላስ መች ተረፈ፣ ግን የተረፈችው ትንሽም በኡኡታው ነው የተረፈችው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ማሽላ፣ ይሄ እኮ ተቃውሞ አይደለም፣ ትልቅ ጭማሪ ነው። ያው ኢ. ኮላይ የሚዋኝበት ጅራት አለው። የጅራቱን ሞተር የሚሠሩትን ጂኖች የምታዘው ቅርጽ ያችው ሦስት ነጥብና ሦስት ቀስት ናት። ልዩነቱ እዚያ ከሁለቱ አንዱ ካዘዘ ይበቃል። ስለዚህ ቶሎ ይጀምራል፣ ሲያቆም ግን ይዘገያል። ግንባታው መሀል ላይ ምልክቱ ለአፍታ ቢቋረጥ ሥራው አይበተንም። ያንተ ኡኡታ ማለት ነው። ሥዕሉ አንድ፣ በመጨረሻው ነጥብ ላይ «እና» ነው ወይስ «ወይም» የሚለው ግን ጠባዩን ይገለብጠዋል።

ባቲ ሰኞ

ልጆቼ፣ እኔ ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ግን 40 ዓመት ከብት ነግጃለሁ፣ እዚህ የምትሉትን ነገር በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ዝናብ ሲቀር ምን ይሆናል መሰላችሁ። ገበሬው እህል ለመግዛት አንድ በሬ ይዞ ሰኞ ገበያ ይመጣል። ጎረቤቱም ይመጣል። አፋሩም ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን ይነዳል። ከብት ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል። ዋጋው ሲወርድ አንድ በሬ የሚሸምተው እህል ቤቱን አያደርስም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኞ ሁለተኛውን በሬ ያመጣል። ዋጋው ደግሞ ይወርዳል። ሁለተኛው በሬ ከሄደ ምን ይታረሳል? ሁሉም ሰው በየቤቱ ትክክለኛ የመሰለውን ነው የሠራው። የከብት ነጋዴውም ሌባ አልነበረም፣ እኔም ከነዚያ ነጋዴዎች አንዱ ነበርኩ። በኋላ ለሊቱን የማስበው ነገር ግን እሱ ነው።

ታላላቆቻችን የ1966ቱን ረሃብ ሲነግሩን «እህል ጠፍቶ አይደለም፣ መግዣ ጠፍቶ ነው» ይሉ ነበር። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ያንኑ ነገር አንድ ምሁር መጻፉን ነገረኝ።

ሐይቅ ዳር

አባባ ባቲ ሰኞ፣ ያ ምሁር አማርትያ ሴን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በምጣኔ ሀብት ኖቤል የተሸለመው ሕንዳዊ። የእኛን የወሎን ረሃብ አጥንቶ ጽፏል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም ነበር ይላል፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ይወጣ እንደነበር የሚገልጹ ሪፖርቶችን ጠቅሷል። ሰው የመግዛት አቅሙን ነው ያጣው። አርብቶ አደሩን የጎዳውም የእንስሳው ሞት ብቻ ሳይሆን አንድ እንስሳ የሚለወጥበት እህል ማነሱ ነው። እርስዎ በገበያ ያዩት ቀለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። እኔ ስታቲስቲክስ ነው የተማርኩት፣ እና ትንሽ ፍሬን ልያዝ። እ.ኤ.አ. በ2004 እነዚህን ጥለቶች የሚሞግት ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ነጥቦችን ሜዳ ላይ ደርድረህ ቅርብ ከቅርቡ የመያያዝ ዕድል ብቻ ብትሰጣቸው፣ ማንም ሳያቅድና ሳይመርጥ፣ ያው ጥለት «ከሚጠበቀው በላይ» ይበዛል። በሰፈር አስቡት። ሦስት ቤት አጥር ለአጥር ከሆኑ ሦስቱም ይተዋወቃሉ። ቅርበት ነው እንጂ ጥበብ አይደለም። ስለዚህ አንድ ቅርጽ በዝቶ ስላየን ብቻ «ለዚህ ሥራ ተብሎ ነው የመጣው» ማለት አንችልም። መምህርት ራሷ አሁን እንዳሳየችን ያው ቅርጽ «እና» ሲሆን አንድ ነገር፣ «ወይም» ሲሆን ሌላ ነገር ይሠራል። ከቀስቶቹ አንዷ የምትገታ ብትሆን ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይሆናል፤ ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ምላሽ። ሥዕሉን ብቻ አይቶ ጠባይን መናገር አይቻልም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሐይቅ ዳር፣ ልክ ነህ፣ ግን የእኛ ቅሬ በቅርበት ብቻ የመጣ አይደለም። ጥሩንባ ነፊውና ዳኛው የሚኖሩት በተለያየ ጫፍ ነው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ «ዳኛና ጥሩንባ አንድ ግቢ አይኖሩም» ይል ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ሐይቅ ዳር

ይህንን አላወቅኩም ነበር። ይህ ከሆነ ሐሳቤን አሻሽላለሁ፣ ለቅሬያችሁ።

አወል ቶና (ወልድያ)

እኔም አንድ ነገር ልበል። ቡና ላይ አንድ ወሬ ይነሳል። ያቺም ሰምታለች፣ ይቺም ሰምታለች፣ ሦስተኛዋም። «ሦስት ሰው ነግሮኛል» ብዬ አምናለሁ። በኋላ ሲጣራ ሦስቱም ከአንዲት ሴት ነው የሰሙት፣ ምክንያቱም ሦስቱም አወሉንም ቶናውንም በረካውንም አብረው ነው የሚጠጡት። ሁለት ቃል መጠበቅ ብቻ አይበቃም። ሁለቱ ቃሎች በተለያየ መንገድ መምጣት አለባቸው። የጦሳ ሥር አባት «አንድ ግቢ አይኖሩም» ያሉት ይህንን ይመስለኛል። ዳኛውም የራሳቸውን ሰው የሚልኩት ለዚህ ነው።

የሚቀራረቡ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ ጽፏል፤ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎች ወሬውን ያገኙት በአብዛኛው ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው። እኔም ሥራዬን ያገኘሁት አንድ ጊዜ አውቶቡስ ላይ አብራኝ ከተቀመጠች ሴት ነው።

ማሽላ (ቆቦ)

እትዬ አወል ቶና፣ ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ።

ስለ ገበያ ከተነሳ ሽንኩርቱንም ልናገር። ቆላችን መስኖ አለው፣ ሽንኩርት እናመርታለን። አንድ ዓመት ዋጋ ይንርና ሁላችንም ሽንኩርት እንተክላለን። ሲደርስ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ የማንሻው ዋጋ እንኳን አይወጣም። ተናደን ሌላ እንዘራለን። በሚቀጥለው ደግሞ ሽንኩርት ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ይነካል። የአባባ ባቲ ሰኞ ቀለበት ወደታች ብቻ ነው የሚጎትተው። የእኛው ግን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል። ለምንድን ነው ልዩነቱ?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

የአባባ ቀለበት ራሱን ያባብሳል። መውረዱ መውረድን ይወልዳል። ያንተው ቀለበት ግን የሚገታ ነው፤ ብዙ ሲመረት ዋጋው «ቀንሱ» ይላል። ራስን መግታት ጥሩ ነገር ነው። በኢ. ኮላይ ካርታ ላይ ራሳቸውን በቀጥታ የሚያዙ 40 ጂኖች ተቆጥረዋል፤ በዕጣ ቢሆን አንድ ገደማ ነበር የሚጠበቀው። ከ40ዎቹ 34ቱ ራሳቸውን የሚገቱ ናቸው። ጥቅሙም በሙከራ ታይቷል። ልጓም ያለው ጂን በኃይል መጀመር ይችላል፣ የሚፈለገው መጠን ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ እዚያም ይረጋጋል።

ያንተ ሽንኩርት የማይረጋጋው ልጓሙ ስለሚዘገይ ነው። ዋጋው የሚነግርህ ካለፈው ምርት ነው፣ አንተ የምትተክለው ለሚመጣው ነው። መሀል ላይ ወራት አሉ። መኪና ላይ መሪ አዙረህ ጎማው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቢዞር ምን እንደሚሆን አስብ። አንዱ ወረዳ ምን ያህል እንደተከለ ሌላው በተከላው ሳምንት ቢያውቅ ግን መዘግየቱ ያጥራል።

ማሽላ (ቆቦ)

በተከላው ሳምንት! ለዘንድሮው መስኖ ለኅብረት ሥራችን አቀርበዋለሁ። ቢያንስ ግራና ከሚባለው አካባቢ ልጆች ጋር እንደዋወላለን።

ባቲ ሰኞ

የእኔውንስ ቀለበት ማን ይሰብረዋል?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

አባባ፣ ቀስት በመቁረጥ ይመስለኛል። በሬው ገበያ ሳይወጣ በፊት እጁ ላይ ገንዘብ ወይም መኖ የደረሰው ገበሬ ሁለተኛውን በሬ አያመጣም። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። ዋጋው ከወደቀ በኋላ የደረሰ እርዳታ ነፍስ ያተርፋል፣ በሬውን ግን አይመልስም። የመጀመሪያው በሬ በወጣበት ሰኞ ነው መድረስ ያለበት፣ ያን ሰኞ ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም።

ባቲ ሰኞ

እውነት ነው። ከመንግሥትም በፊት እኛ ነን የምናውቀው። ላሞች መምጣት ሲጀምሩ ያኔ ነገሩ እንደከፋ እናውቃለን። ጥጃ ያላትን ላም ሰው በደህና ቀን አይሸጥም። ማንም ጠይቆን ግን አያውቅም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህም እግዚአብሔርም ይስጣችሁ። ይህን ውይይታችንን አትሜ እሁድ ለቅሬው ስብሰባ ወሰድኩት። የአወል ቶናን ቃል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ተስማማን። የሞት ወሬ የደረሰው ሰው ግሩፑ ላይ አይጽፍም፣ ለዳኛው ብቻ ይደውላል። ዳኛው ወሬውን ካመጣው ሰው ውጭ በሌላ መንገድ ያጣራሉ። ልጅቷ ዓረብ አገር ከሆነች አብራት የምትሠራ ወይም እዚያው ከተማ ያለች ሌላ ልጅ ትፈለጋለች። ለእሳትና ለጎርፍ ግን፣ ማሽላ እንዳለው፣ ያየ ወዲያው ይጻፍ ተባለ። መልእክቱን ያስገባው ልጅም መጥቶ ነበር። እናትየው እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ስብሰባው ልነግራችሁ ብቻ አይደለም። ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ ለዳኛው ስልክ ተደወለ፣ የአንድ ጎረቤታችን ባል መንገድ ላይ አደጋ ደርሶበታል ተብሎ። ግሩፑ ላይ ምንም አልወጣም። ዳኛው ሁለት ሰው ላኩ። አደጋው እውነት ሆነ። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እህቷ ቀድማ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ጥሩንባው የተነፋው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የሚነፋው ልጅ የአባቴን ጥሩንባ ነው የያዘው። ድንኳን ልንተክል ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም፣ ማታ እመለሳለሁ።